ዓይን ከሰማይ ሳይነሳ፦ በተራራ ላይ ንስር ለመቁጠር የሚሆኑ ዕቃዎች ግምገማ

በጸደይ ወደ ሰሜን የሚመለሱትን ንስሮች፣ ባዛርዶች (ከንስር የሚያንሱ፣ ሰፊ ክንፍ ያላቸው አዳኝ ወፎች) እና ጭልፊቶች ተራራ ላይ ተቀምጦ መቁጠር ከሌላው የወፍ ምልከታ የሚለየው ወፉ ቆሞ ስለማይጠብቅ ነው። ከደቡብ በኩል ከሸንተረሩ ጫፍ ላይ ነጥብ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ክንፉን ዘርግቶ በአንድ አቅጣጫ ይንሸራተታል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የለም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ማግኘት፣ ዝርያውን መለየት፣ ዕድሜውን መገመት፣ መቁጠርና መመዝገብ አለ። ይህ ሁሉ ሳያልቅ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተላሉ። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚገዛውን ዕቃ ሁሉ የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ዓይንን ከሰማይ ላይ ለስንት ሰከንድ ያነሳል? አምስት ሰከንድ የሚያነሳ ዕቃ፣ ጥራቱ የፈለገውን ያህል ቢመሰገን፣ ወፍ ያስመልጣል።

በዚህ መስፈርት ሲታይ ውጤቱ ከዋጋው ቅደም ተከተል ጋር አይገጥምም። ከሁሉ የረከሰው ዕቃ ከሁሉ በላይ ይጠቅማል፤ ብዙ ጀማሪ ቀድሞ የሚገዛው ትልቁ ስኮፕ፣ ማለትም በማቆሚያ ላይ የሚታሰረው ባለ አንድ ቱቦ አቅርቦ ማያ፣ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ዕቃው የሚፈተንበት አየር

ጸደይ ስንል የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ ጸደይ፣ ማለትም ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ሜይ ያለውን ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ሁለት ፍጹም የተለያዩ ፈተናዎች አሉ። አንዱ ብርድ ነው። በካናዳ አልበርታ፣ በካናናስኪስ ሸለቆ፣ በማውንት ሎሬት አጠገብ የሚካሄደው ቆጠራ በዋናነት የወርቃማ ንስር ቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1992 የወፍ ተመልካቹ ፒተር ሸሪንግተን በዚያ በአንድ ቀን ከመቶ በላይ ወርቃማ ንስሮች ሲያልፉ ከመዘገበ ወዲህ ነው የቦታው ትልቅነት የታወቀው። ዋናው ፍሰት ማርች ላይ ስለሆነ መሬቱ ገና በረዶ ለብሷል። በረዶ የለበሰ መሬት ቶሎ ስለማይሞቅ ሽቅብ የሚወጣ ሞቃት አየር ደካማ ነው፤ ንስሮቹ በአብዛኛው የሚጠቀሙት ነፋስ ከተራራው ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ወደ ላይ ሲወጣ የሚሰጣቸውን ግፊት ነው። ስለዚህ ሸንተረሩን ተከትለው አንድ በአንድ፣ ሩቅና ከፍ ብለው ይመጣሉ። ቆጣሪው በደነዘዘ ጣት ለረጅም ሰዓት ባዶ ሰማይ ይፈትሻል።

ሁለተኛው ፈተና ሙቀትና ብዛት ነው። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በኤላት ተራሮች ከአፍሪካ የሚመለሱት ወፎች በየተራ ያልፋሉ። ስቴፕ ንስር ከፌብሩዋሪ አጋማሽ ጀምሮ በማርች፣ ስቴፕ ባዛርድ በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ፣ የሌቫንት ጭልፊት በኤፕሪል ሁለተኛ አጋማሽ፣ ሃኒ ባዛርድ ደግሞ በሜይ የመጀመሪያ ሳምንታት ይበዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 ጸደይ በዚያ ከ850 ሺህ በላይ ሃኒ ባዛርድና ወደ 75 ሺህ የሚጠጋ ስቴፕ ንስር ተቆጥሯል። እዚህ ያለው ችግር ወፍ ማጣት አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠር ጅረት በሚርገበገብ አየር ውስጥ ሲፈስ ቁጥሩን ሳያደባልቁ መያዝ ነው። ጥሩ ዕቃ የምንለው ሁለቱንም የሚችለውን ነው።

ክሊከር

ከክሊከሩ የምንጀምረው ብዙ ሰው ስለማይገመግመው ነው። ባለ አራት አሃዝ የእጅ መቁጠሪያ፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ክብ ዕቃ ናት። ጣት የሚገባባት ቀለበት፣ በአውራ ጣት የሚጫኑት ምላስ፣ በጎን በኩል ደግሞ ወደ ዜሮ መመለሻ ጉጥ አላት። ከ0000 እስከ 9999 ትቆጥራለች። አውራ ጣት ስትጫን ጆሮ ቀጭ ሲል ይሰማል፣ ጣትም መምታቷን ያውቃል። ዓይን ቢኖኩላሩ (ባለ ሁለት ቱቦው አቅርቦ ማያ) ላይ እንደተተከለ ይቀራል። በመስፈርታችን ያስከፈለችው ዜሮ ሰከንድ ነው።

የብረቷን ወይስ የፕላስቲኳን? የፕላስቲኳ ቀላል ናት፣ በብርድ ጣት አታቃጥልም። ድክመቷ የዜሮ መመለሻው ጉጥ ነው፤ በአብዛኞቹ ላይ ላላ ያለ ስለሆነ ኪስ ውስጥ ከጨርቅ ጋር ሲታሽ በትንሹ ይዞርና አሃዞቹ መካከል ላይ ይቆማሉ። የብረቷ ጉጥ ጠንከር ስለሚል ይህ ብዙም አይገጥማትም። ምርጫችን የብረቷ ናት፤ በብርድ ቦታ ግን ሰውነቷን በጨርቅ ፕላስተር አንድ ዙር መጠቅለል ያስፈልጋል። አሃዝ የሚታይበትን መስኮትና የምላሱን መንገድ እንዳይሸፍን ብቻ።

ውስጧ ቀላል ነው፤ ስህተቷም የሚመጣው ከዚያው ነው። ምላሱ ሲጫን ጥርስ ያለውን ጎማ በአንድ ጥርስ ይገፋል፣ ሞላው ደግሞ ምላሱን ይመልሰዋል። በግማሽ የተጫነ ምላስ ጥርሱን ስለማያልፍ ወፉ አልተቆጠረም፤ ቀጭ የሚለው ድምፅ ግን በከፊልም ሊሰማ ይችላል። በብርድ ግራሶው ይወፍራል፣ ሞላው ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ምላሱ ሳይመለስ ሁለተኛ ከተጫነ ያ ሁለተኛው ይጠፋል። መፍትሔው ዘይት መጨመር አይደለም። ዘይት በብርድ ይብስ ይወፍራል፣ በአሸዋማ ቦታ ደግሞ አቧራ ይይዛል። ክሊከሯን በጓንት ውስጥ መዳፍ ላይ ወይም በውስጥ ኪስ ማቆየት ይበቃል። አሸዋ ከገባባት በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ፣ የግድ ማለስለሻ ካስፈለገ ደረቅ የግራፋይት ዱቄት መጠቀም ነው።

ከመግዛት በፊት ሱቅ ውስጥ ሊደረግ የሚገባ ፈተና አለ። በፍጥነት መቶ ጊዜ ተጫንና 0100 ማለቷን አረጋግጥ፤ ደግመህ ሞክር። ከዚያ ወደ 0999 አድርሰህ አንድ ጨምር። ከ0999 ወደ 1000 ስታልፍ አራቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ መዞር ስላለባቸው ደካማ ሞላ ያላት ክሊከር እዚህ ላይ ትጣበቃለች። ሁለት አሃዝ መካከል ላይ ከቆመች አትግዛት። ቆጠራው በሚደምቅበት ሰዓት የምትጣበቀው እዚያው ላይ ነውና።

የኤሌክትሮኒክስ ክሊከር አንመክርም። ቁልፏ ለስላሳ ስለሆነ በጓንት መመታቷ አይታወቅም፤ ለማረጋገጥ ወደ ታች ማየት ግድ ይላል፤ ያኔ መስፈርታችንን አፈረሰች። አንድ ጊዜ የተጫነውን ሁለት የሚቆጥሩም አሉ። በብርድ ስክሪኗ ይደበዝዛል፣ ባትሪዋም ቶሎ ያልቃል።

ስንት ያስፈልጋል? አንድ ዝርያ በሚበዛበት ቦታ ሁለት ይበቃሉ፤ አንዷ ወደ ሰሜን ለሚያልፉት፣ ሌላዋ ወደ ደቡብ ለሚመለሱት። ይህ የጸደይ ቆጠራ ግዴታ ነው። ነፋሱ ሲከብድ ወይም በረዶ ሲጥል ወፎች ዞረው ይመለሳሉ፣ በማግሥቱ ደግመው ያልፋሉ። የተመለሰው ካልተቀነሰ አንዱ ወፍ ሁለት ይሆናል። ክሊከር ወደ ኋላ ስለማትቆጥር በቃል ለመቀነስ መሞከር ስህተት ያመጣል፤ ለተመለሱት የራሳቸው ክሊከር ይሰጣቸው፣ ቅነሳው ወረቀት ላይ ይሁን።

ብዙ ዝርያ በአንድ ጊዜ በሚያልፍበት ቦታ ከአራት እስከ ስድስት ክሊከሮችን በትንሽ ጣውላ ላይ በብሎን አስሮ ጭን ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ዋናው ነገር ቅደም ተከተላቸው በምንም ምክንያት አለመለወጡ ነው። ግራ ጫፍ ስቴፕ ንስር ከሆነ እስከ ወቅቱ መጨረሻ ስቴፕ ንስር ነው፤ ጣት ቦታውን በማስታወስ ነው የሚሠራው። ላብራቶሪ ውስጥ የደም ሕዋስ የሚቆጥሩባት ባለ ብዙ ቁልፍ መቁጠሪያም ለዚህ ትሆናለች፤ ግን ከባድ ናት፣ አቧራም ትፈራለች።

ጅረቱ በጣም ሲበዛ አንድ ጫና አሥር ወፍ ይሆናል። ይህን በተለመደችው ክሊከር ላይ መሃል መንገድ ላይ መጀመር ቀኑን ሙሉ የተሠራውን ያበላሻል፤ ማታ 0347 የሚለውን ያየ ሰው ስንቱ አንድ ስንቱ አሥር እንደሆነ አያውቅም። የአሥሯ ክሊከር ሌላ ትሁን፣ ቀይ ፕላስተር ይለጠፍባት። ሌላው ደግሞ ክብ ሠርተው ሽቅብ የሚሽከረከሩትን ለመቁጠር አለመቸኮል ነው። ሲሽከረከሩ አንዱ ሌላውን ይጋርዳል፣ ቁጥራቸው በየሰከንዱ የተለየ ይመስላል። ከጫፍ ላይ ተነስተው በሰልፍ ወደ ሰሜን መንሸራተት ሲጀምሩ፣ በሐሳብ ያሰመርነውን መስመር ሲያልፉ፣ ያኔ ቀጭ።

በየሰዓቱ መጨረሻ ቁጥሩ ወደ ወረቀት ይገለበጣል። ብዙዎች ከዚያ ክሊከሯን ወደ ዜሮ ይመልሳሉ። እኛ አለመመለሱን እንመርጣለን፦ የደረሰችበትን ድምር ብቻ ጽፎ ልዩነቱን ማታ ማውጣት። ሳይጽፉ ዜሮ ያደረጉት ሰዓት ተመልሶ አይገኝም፤ ሳይቀነስ የቀረ ድምር ግን ምንጊዜም ይቀነሳል።

ቢኖኩላር

ክርክሩ ሁልጊዜ በ8×42 እና በ10×42 መካከል ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል። የጫካ ወፍ ለሚያይ ሰው 8 ይበልጣል። በተራራ ላይ ግን መልሳችን 10×42 ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ዋናው ጉዳይ ወፉ መኖሩን ማወቅ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ከነጥብ የማይበልጠው ንስር በ10 ሲታይ ክንፍ ይኖረዋል። የ8 ጥቅም የዕይታ ስፋቱ ነው። 8 ዲግሪ ገደማ የሚያሳይ 8×42 በ1000 ሜትር ርቀት 140 ሜትር ሰማይ ይይዛል፤ 6.5 ዲግሪ ያለው 10×42 ደግሞ 114 ሜትር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፣ ሰፊ ዕይታ ያለው 10 ማግኘት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሁለት ቆጣሪዎች ካሉ አንዱ 8 ሌላው 10 ቢይዙ ጥሩ ቅንጅት ነው፤ የ8ቱ ቅርብና ከራስ በላይ ያለውን፣ የ10ሩ የሩቁን ሸንተረር ይይዛሉ።

የብርሃን መጠን ብዙ አያሳስብም። ቆጠራው የሚደምቀው ከረፋድ በኋላ ነው፤ በዚያ ብርሃን የሰው ዓይን ብሌን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይጠባል፤ 10×42 የሚያወጣው የብርሃን ክብ 4.2 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ 50 ወይም 56 ሚሊሜትር ሌንስ መሸከም ለክንድ ሸክም ነው። 10×32 በብርሃን ረገድ ይበቃል፣ ቀላልም ነው፤ ነገር ግን ክቡ ጠባብ ስለሆነ ዓይን ትንሽ ሲንሸራተት ምስሉ ይጠቁራል፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሲፈተሽ ይህ ያደክማል።

ከተለመዱት መካከል የኒኮን ሞናርክ ኤም 7 ለዚህ ሥራ በቂ ነው የምንለው ነው። 10×42 የሆነው በ1000 ሜትር 121 ሜትር ያሳያል፣ 680 ግራም ይመዝናል። ኢ.ዲ. መስታወት አለው፤ ይህም በደማቅ ሰማይ ላይ በጠቆረ ንስር ጠርዝ የሚታየውን ሐምራዊ መስመር ይቀንሳል። ያ መስመር የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ክንፍ ጫፍ ላይ ያሉትን ጣት መሰል ላባዎች ይሸፍናል። የስዋሮቭስኪ ኤንኤል ፒዩር 10×42 ስፋቱ 133 ሜትር ነው፤ ይህ የብዙ 8×42 ስፋት ማለት ነው። ግንባር ላይ የሚያርፍ ተጨማሪ መደገፊያም ይገጠምለታል። መደገፊያው ከመስታወቱ እኩል ይጠቅማል እንላለን፤ ክንድ ሲዝል ምስል የሚንቀጠቀጠውን ይይዛል። 850 ግራም መሆኑን ግን አስቡበት።

መንቀጥቀጥን በባትሪ የሚያስቀረው የካኖን 10×42 ኤል አይ ኤስ ነፋስ በሚበዛበት ሸንተረር ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ሩቅ ነጥብ ሲቆም የክንፉ አያያዝ ይነበባል። ክብደቱ ያለ ባትሪ 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ ለቀኑ ሙሉ ፍተሻ አይሆንም፤ የተገኘውን ለመለየት ግን ከስኮፕ ይፈጥናል። ሁለት ትንንሽ ባትሪዎቹን በብርድ ቀን ሙቅ ኪስ ውስጥ በቅያሪ መያዝ ያስፈልጋል። 12 እና 15 ጊዜ የሚያጎሉት በእጅ አይያዙም፤ በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ግን አንድ ሸንተረር ብቻ ለሚጠብቅ ሰው ግሩም ናቸው።

አሁን ማንም ሻጭ ወደማይነግረው እንግባ። ሰማያዊ ባዶ ሰማይ ላይ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ስለሌለው ሳይታወቅ ወደ ቅርብ ያተኩራል። በዚያ ላይ የማተኮሪያው ጎማ በትንሹ ከተንሸራተተ ሰማዩ ያው ሰማያዊ ስለሚመስል ቆጣሪው ምንም እንዳልጎደለ ያስባል፤ በእውነት ግን ወፎቹ ደብዝዘው እያለፉ ነው። ስለዚህ ጎማው ጠንከር ያለ፣ በነፋስና በጓንት የማይነቃነቅ ይሁን። በየአሥር ደቂቃው ሩቅ ሸንተረር ወይም የደመና ጠርዝ ላይ ማተኮርና ወደ ሰማይ መመለስ፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ ጎማውና ሰውነቱ ላይ በቀጭን ነጭ ቀለም ምልክት ማድረግም ይረዳል። በጣም ፈጣን ጎማ ለቢራቢሮ ይጠቅማል፣ ለንስር ግን ጉዳት ነው። የቀኝ ዓይን ማስተካከያውም ቦርሳ ውስጥ ሲታሽ ይዞራል፤ ጠዋት ጠዋት ይታይ፣ መቆለፊያ ያለው ቢሆን ይመረጣል።

የፍተሻው መንገድም ዕቃውን ይወስናል። ከሸንተረሩ በላይ ያለውን ሰማይ በአግድም፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱ ዕይታ ያለፈውን በግማሽ እየደረበ ማየት። ከዚያ አንድ ዕይታ ከፍ ብሎ መመለስ። ቀጥሎ የደመና ሆድና ጠርዝ፣ መጨረሻ ጥርት ያለው ሰማያዊ። የቢኖኩላሩ ስፋት ራሱ መለኪያ ይሆናል፤ «ከሾጣጣው ጫፍ በላይ ሁለት ዕይታ፣ ወደ ቀኝ አንድ» ሲባል ጎረቤት ቆጣሪ ወዲያው ያገኘዋል። እጅን ዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ ደግሞ 10 ዲግሪ ያህል ነው።

መነጽር ለሚያደርግ ሰው ዓይን ከሌንሱ 16 ወይም 17 ሚሊሜትር ርቆም ሙሉ ምስል የሚያሳይ ይፈለጋል። ማንገቻው አንገት ላይ ሳይሆን በሁለቱ ትከሻ የሚታሰረው ይሁን። የብርድ ትንፋሽ ሌንስ ላይ ጭጋግ ይሠራል፤ ቢኖኩላሩን ከጃኬት ሥር ማስገባት ይብስበታል፣ ውጭ ቀዝቅዞ ይቆይ። ሲጸዳ መጀመሪያ መንፋት፣ ከዚያ ብሩሽ፣ ጨርቅ መጨረሻ ነው።

ስኮፕና ትራይፖድ

ስኮፕ መጥፎ ዕቃ ስለሆነ አይደለም ወደ ኋላ የጣልነው። በ30 ጊዜ ማጉላት የሚያሳየው ሰማይ 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ወፍ ላይ የተደፋ ቆጣሪ በዚያ መካከል በሌላ በኩል የሚያልፈውን አያይም። ብቻውን የሚቆጥር ሰው ስኮፕ ባይኖረው ቁጥሩ ይሻሻላል ብለን እናምናለን። ሁለት ከሆኑ አንዱ ይያዘው።

ደግሞም አብዛኛው መለየት በክንፍ አያያዝ ነው፤ ያ በቢኖኩላር ይታያል። ወርቃማ ንስር ሲንሸራተት ክንፉን ወደ ላይ በጥቂቱ ያነሳል፣ ራሰ ነጩ ንስር ግን እንደ ጣውላ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ስኮፕ የሚያስፈልገው ለዕድሜ ነው። የወርቃማው ንስር ወጣት በመጀመሪያ ዓመቱ ክንፉ መካከል ነጭ ምልክት፣ ጅራቱ ሥር ነጭና ጫፉ ጥቁር አለው፤ የስቴፕ ንስር ወጣት ደግሞ ከክንፉ ሥር ርዝመቱን የሚከተል ነጭ መስመር። ይህ ዕድሜ ነገር በጸደይ ትርጉም አለው፤ ጎልማሶቹ ለመራባት ቀድመው ያልፋሉ፣ ወጣቶቹ ዘግይተው ይመጣሉ፤ የዕድሜ ዓምዱ ባዶ የቀረ ሰንጠረዥ ይህን አያሳይም።

ከ40 ጊዜ በላይ ማጉላት በእኩለ ቀን ገንዘብ ማባከን ነው። ከሞቀ ድንጋይና ከበረዶው በላይ የሚርገበገበው አየር አብሮ ይጎላል፣ ንስሩ ይቀልጣል። ስለዚህ ቋሚ 30 ጊዜ ሰፊ ዓይን ሌንስ፣ ወይም ከ25 እስከ 50 የሆነው ዝቅተኛው ላይ ተደርጎ ከ20 እስከ 60 ካለው ይሻላል። የፊት ሌንስ 65 ሚሊሜትር ለቀን ብርሃን ይበቃል። ዘንበል ያለው ዓይን ሌንስ ወይስ ቀጥ ያለው? ወፎቹ ከራስ በላይ ከሆኑ ዘንበሉ አንገት ያድናል፤ በዓይን አቅጣጫ ሸንተረር ላይ ከሆኑ ግን ቀጥ ያለው ወፉን በፍጥነት ያስገኛል። ዘንበል ያለውን የመረጠ በጎኑ ላይ ቀጭን ማነጣጠሪያ ቱቦ ወይም የፕላስቲክ ማሰሪያ ጫፍ ይግጠምበት።

በትራይፖዱ አናት ላይ ስኮፑ የሚታሰርበት የሚዞረው ክፍል (ራስ)፣ ፍሉይድ ሄድ የሚባለው፣ ከእግሮቹ ይበልጣል። እጀታውን ሲለቁት የሚያፈገፍግ ራስ ወፉን ከዕይታ ያስወጣዋል። የመሃሉን ዘንግ በነፋስ ጊዜ አታንሱ፤ ቦርሳ ሥሩ ላይ ይሰቀል፣ ቦርሳው ግን መሬት ይንካ፤ አለበለዚያ ሲወዛወዝ ትራይፖዱን ይዞት ይወዛወዛል። በረዶ ላይ እግሮቹ ቀን ሲሞቅ ቀስ በቀስ ይሰምጣሉ፤ ሰፊ የጎማ ሳህን ከሥራቸው ማድረግ ነው።

ወንበርና መነጽር ባጭሩ

ጀርባው ወደ ኋላ የሚጋደም ተጣጣፊ ወንበር ከማንኛውም ሌንስ ማሻሻያ በላይ ቁጥር ይጨምራል። ቀና ብሎ የሚቀመጥ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ መፈተሽ ይተዋል፤ አንገቱ ስለሚከለክለው ሳይታወቀው ይተዋል። የፀሐይ መነጽር ፖላራይዝድ ሆኖ ግራጫ ወይም ቡናማ ይሁን። ሰማዩን ያጠቁራል፣ የበረዶውን ነጸብራቅም ይቀንሳል። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ቢኖኩላር ሲነሳ ይጋጫል፤ አጭር ጠርዝ ይሻላል።

ወረቀት፣ ድምፅ መቅጃና ስልክ

የቆጠራ ቅጽ በሰዓት በሰዓት የተከፈለ ነው። የአየሩን ሙቀት፣ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት፣ ደመናውን፣ የዕይታ ርቀቱን፣ የቆጣሪዎቹን ብዛትና የበረራውን ከፍታ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የጭልፊት ፍልሰት ማኅበር ቅጽ ከፍታን ከ0 እስከ 7 ባለ ኮድ ይይዛል። ከዓይን መስመር በታች 0፣ እስከ 30 ሜትር 1፣ በባዶ ዓይን በቀላሉ የሚታይ 2፣ በባዶ ዓይን ዳርቻ ላይ 3፣ ለባዶ ዓይን አልፎ በቢኖኩላር የሚታይ 4፣ በቢኖኩላር ዳርቻ ላይ 5፣ ከዚያ አልፎ በስኮፕ ብቻ የሚታይ 6፣ አንድ የጎላ ከፍታ ከሌለ 7። ይህን ኮድ የሚሞላ ሰው የቆጠራውን ጥራት እየመሰከረ ነው፤ 5 እና 6 የበዛበት ቀን ብዙ ወፍ ሳይታይ ያለፈበት ቀን ነው።

እርሳስ ይሁን፣ ብዕር በብርድ ይቆማል። ውሃ የማያበላሸው ወረቀት ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ ጠንካራ ሰሌዳና ሁለት ላስቲክ ይበቃሉ።

ትሬክቴለን የተባለው ከኔዘርላንድስ የተነሳው አገልግሎት ቆጠራዎችን በሰዓት ከፍሎ ለሁሉም ያሳያል፤ ከመስክ ለማስገባትም የስልክ መተግበሪያ አለው። ሆክካውንት ደግሞ ከላይ የጠቀስነው ማኅበር የመረጃ ቋት ነው። ሁለቱንም ለማከማቻ እናደንቃለን፤ ባለፈው ዓመት በዚሁ ሳምንት ምን እንዳለፈ ማየት የማይተካ ነገር ነው። በቆጠራው ሰዓት እያንዳንዱን ወፍ ስልክ ላይ መንካት ግን አንመክርም። ስክሪኑ በፀሐይ አይነበብም፣ በፖላራይዝድ መነጽር በአንዳንድ አቅጣጫ ጭራሽ ይጠቁራል፣ ጓንት ማውለቅ ይጠይቃል፣ በብርድ ባትሪው ገና በእኩለ ቀን ይወርዳል። ጅረት በሚያልፍበት ሰዓት ስልክ ላይ የጎነበሰ ጭንቅላት ማለት ያልተቆጠረ ወፍ ነው። ስልኩ በሙቅ ኪስ ይቆይ፣ በሰዓቱ መጨረሻ ወይም ማታ ይግባ።

የስልኩ ድምፅ መቅጃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደረት ላይ በተሰካ ትንሽ ማይክሮፎን «ወርቃማ፣ ጎልማሳ፣ ሰሜን፣ አራት» ማለት ዓይንን አያነሳም፤ ከክሊከር ቀጥሎ የምናስቀምጠው ይህን ነው። ማይክሮፎኑ የስፖንጅ ሽፋን ካልኖረው ነፋስ ሁሉንም ይበላዋል። የአንድ ሰዓት ቅጂ ለማውረድ ጊዜ ስለሚወስድ በየሰዓቱ መጀመሪያ ጮክ ብሎ ሰዓቱን መናገር ፍለጋውን ያቀላል።

ስለ ሰዓት ከተነሳ፣ የጸደይ ቆጠራ ብቻውን የሚያጋጥመው ወጥመድ አለ። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ሰዓት በማርች ውስጥ አንድ ወደፊት ይገፋል፣ ስልክም ሳይጠየቅ ራሱን ይቀይራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከ10 እስከ 11 የተባለው ሰዓት ከበፊቱ ጋር አይገጥምም። ቅጹ ከመጀመሪያ ቀን እስከ መጨረሻ በመደበኛው ሰዓት ይሞላ፤ ለዚህም ራሷን የማትቀይር ተራ የእጅ ሰዓት ከስልክ ትበልጣለች።

የግዢ ቅደም ተከተል

ገንዘቡ ውሱን ለሆነ፦ መጀመሪያ ሁለት የብረት ክሊከር፣ ከዚያ መካከለኛ ደረጃ 10×42፣ የትከሻ ማንገቻ፣ የሚጋደም ወንበር። ከተረፈ ትራይፖድና ቢኖኩላሩን የሚያስርበት ማያያዣ፤ ይህ ጥምረት ከርካሽ ስኮፕ ይበልጣል። ስኮፕ ሁለተኛ ቆጣሪ ሲገኝ ይገዛ።

ያገለገለ ቢኖኩላር የሚገዛ ሰው ሩቅ የሆነ ቀጥ ያለ ነገር፣ ምሰሶ ወይም የሕንፃ ጠርዝ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይመልከትና በድንገት ያንሳው። ዓይን ወደ ቦታው ሲመለስ የመጎተት ስሜት ከተሰማ ሁለቱ ቱቦዎች አቅጣጫቸው ተዛብቷል። ሱቅ ውስጥ ትንሽ የሚመስለው ይህ ጉድለት ከሦስት ሰዓት ፍተሻ በኋላ ራስ ምታት ያመጣል፤ ጥገናውም ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ ስለሆነ በቅናሽ እንኳ አይወሰድም። ከፊት በኩል በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ሲያዩት እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለም ሻጋታ ነው፤ ይተውት።